አባቴ የተረጎማቸው ፊልሞች

አባቴ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ቤታችን መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው፤ ከዚያ እስከ ፋብሪካው በእግር ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። በደርግ ጊዜ፣ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ለፋብሪካው አዳራሽ ከሶቭየት ኅብረት የመጣ የፊልም ማሽን ተሰጠ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሰው ሲፈለግ «ኤሌክትሪክ የሚያውቅ እሱ ነው» ተባለና አባቴ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ተላከ። ሥልጠናውን የጨረሰ ዕለት ራቱን ሳይነካ፣ የፊልሙ ጥቅል እንዴት እንደሚዞር በሁለት እጁ እያሽከረከረ ሲያሳየን እናቴ ሳቀች።

«እነዚህን ልጆች ስወልድልህ እንኳ እንዲህ አልፈነደቅህም» አለችው።

የሚፈነድቅበት ምክንያት ነበረው። በንጉሡ ዘመን፣ ጎረምሳ ሳለ፣ እሁድ እሁድ ከመካኒሳ ፒያሳ ድረስ በእግሩ እየሄደ ፊልም ያይ ነበር። ጓደኞቹ የካውቦይና የህንድ ፊልም ሲወዱ እሱ የሚያስፈራውን ይመርጣል፤ ከመቃብር የሚነሳውን፣ ከሌላ ዓለም የሚመጣውን። ከእነዚያ ፊልሞች አንዱን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ስንት ጊዜ እንደነገረን አላስታውስም። ባሕር የበላት ሙሽራ በየሌሊቱ ወደ ባሏ ቤት ትመጣለች፤ እሷን ያየ ሰው የለም፤ ጠዋት ግን ደረጃው ላይ የእርጥብ እግር ዱካ ይገኛል። «አንድ ቀን ጠዋት ዱካው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አልወጣም» ይላል። እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ እንጠፋለን። እናቴ ከጓዳ «እነዚህ ልጆች ሽንት ቤት አልሄድም ሲሉ አንተ ነህ የምታደርሳቸው» ትላለች።

የፋብሪካው ፊልም የሚታየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሠራተኛው ውይይት ቀጥሎ ነው። ከውይይቱ በኋላ የሠራተኛው ቤተሰብም መግባት ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ስለ ትራክተርና ስለ ስንዴ ነበሩ። ከፊልሙ ጋር አንድ አስተርጓሚ ይላክና ድምፅ ማጉያውን ይዞ እያዛጋ ይተረጉማል። አንድ ቅዳሜ ግን ፊልሙ መጣ፣ አስተርጓሚው ቀረ። ማሽኑ መዞር ጀመረ፤ ሰዎቹ በሩስያኛ ያወራሉ፤ ሕዝቡ ማፏጨት ጀመረ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከኋላ አንዱ «ወይ ተርጉሙ፣ ወይ አሰናብቱን!» ብሎ ጮኸ።

ያኔ የአባቴ ድምፅ ከማጉያው ወጣ። «እንግዲህ...» አለና ትንሽ አሰበ፤ «እንግዲህ ይሄ ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ሊቀመንበሩ ነው። ያቺን ልጅ ወዷታል፤ ግን አልነገራትም።» አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ተርጓሚ የጠየቀ ሰው የለም። አባቴ ሩስያኛ እንደሚችል ያን ቀን አወቅሁ። ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ለክፍሉ ሁሉ አወራሁ። የት ተማረው ብዬ አልጠየቅሁም፤ አባቴ ሬዲዮ ፈትቶ ሲገጥም፣ የጎረቤት ካውያ ሲጠግን ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ሩስያኛውንም እንደዚያ የያዘው መሰለኝ።

ስለ ሰማይ የሚናገረው ፊልም የመጣው አያቴ ከቡልጋ መጥታ እኛ ዘንድ በከረመችበት ክረምት ነው። የአባቴ እናት ናት። በዕድሜዋ ፊልም አይታ አታውቅም፤ ማየትም አልፈለገችም። ልጇ በሠራተኛው ሁሉ ፊት በማጉያ እንደሚናገር ስትሰማ ግን የክት ነጠላዋን አጣፍታ «እሱን ልስማ» ብላ ተነሳች። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን የፋብሪካው ካድሬ፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ነበር። አምስት ዓመት ሞስኮ ተምሮ ለፋብሪካው የተመደበ ኢንጂነር መሆኑን ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ የአባቴን ሩስያኛ የሚያደንቅለት ሰው መጣ አልኩ።

መብራቱ ጠፋ። ፊልሙ ወደ ሩቅ ኮከብ ስለሚሄዱ ሰባት ሰዎች ነው። መንኮራኩራቸው ስትነሳ ከታች የወጣው እሳት ሸራውን ሞላው፤ አያቴ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ድምፁ ሁሉ ጠፋና ጨለማው መጣ፤ ከዋክብት ብቻ። እንዲህ ያለ ጨለማ መካኒሳ መብራት ሲጠፋ እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጥልቀት ነበረው።

ጥቂት ቆይቶ በመንኮራኩሯ ውስጥ ባለ መስኮት መሰል ነገር ላይ የአንዲት አሮጊት ፊት ታየ። ከአዛዡ ጋር ትነጋገራለች።

«እናቱ ናት» አለ አባቴ በማጉያው። «ልጄ፣ እዚያ ብርድ አለ ወይ? ትለዋለች። የለም እማዬ፣ ይላታል፤ ሙቀት ያለው ልብስ ሰጥተውናል። እሷ ግን አላመነችም፤ አያችሁ ፊቷን?»

የሴቶቹ ወንበር በሳቅና በእንባ ተናጠ። አያቴ ጮክ ብላ «እንዴት ትመን! እኔስ አምናለሁ?» አለች። አሮጊቷ ቀጠለች፤ ትቆጣለች፤ ጣቷን ታወዛውዛለች። አባቴም «መቼ ትመለሳለህ፣ ትለዋለች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላት» ሲል ከፊታችን የተቀመጠው ካድሬ ትከሻው ቀጥ አለ።

ያኔ ልጅ ነኝ፤ ግን ያን ስም በአዳራሹ መድረክ የሚጠራ እንደሌለ አውቃለሁ። ውይይቱን የሚመሩት ሰዎች ጨርሶ አያነሱትም። ካድሬው ወደ ኢንጂነሩ ዘንበል አለ።

«በእውነት እንደዚያ ነው ያለው?»

ኢንጂነሩ ዞር ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ማሽኑ ተመለከተ። አባቴን ያየው ይመስለኛል፤ ከማሽኑ በሚወጣው ብርሃን ፊቱ በግማሽ ይታይ ነበር። አያቴ እጄን እንደያዘች ናት።

«ትክክል ነው፣ ጓድ» አለ ኢንጂነሩ። «አባባል ነው። እነሱም እንደ እኛ ይሉታል፣ ሳያስቡት።»

ካድሬው ራሱን ነቀነቀና ወንበሩን ተደገፈ።

የመጨረሻው ጥቅል ሲገባ መንኮራኩሯ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነበር። መጀመሪያ ጨለማ፤ ቀጥሎ በጨለማው ጥግ ቀጭን የብርሃን ቅስት። ቅስቱ ቀስ እያለ ሰፋ፤ ደመና ታየበት፤ ሰማያዊ ሆነ፤ ሸራውን ሞላው። ማጉያው ዝም፣ ሰዎቹም ዝም፤ የማሽኑ መንገጫገጭ ብቻ ይሰማል። እኔ ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ከኋላችን አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ በቀስታ «መሬት ናት» አለ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ወንበር ለወንበር ሄደ፤ «መሬት ናት፣ መሬት ናት»። አያቴ ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና ተነሳች። ቁጭ በይ ያላት የለም።

«እኛም እዚያ ውስጥ ነን?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ቡልጋም?»

«ቡልጋም አለ።»

አማተበች። «አቤት ሥራህ» አለች፤ መብራት እስኪበራ እንደቆመች ቀረች። ዛሬም ድረስ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ጸጥ ብሎ አላየሁም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ።

በማግስቱ፣ እሁድ፣ ኢንጂነሩ ቤታችን መጣ። የተከራየው ብስራተ ገብርኤል ነው፤ ጠይቆ ጠይቆ ደረሰ። አባቴ በሩ ላይ ሲያየው ቀለሙ ተለወጠ።

«ይግቡ፣ ኢንጂነር» አለው።

«ኧረ ጋሼ፣ አንተ ይበሉኝ፤ ልጅዎ ነኝ» አለ ኢንጂነሩ። ተቀመጠ። የቀረበለትን ሻይ ተቀበለና «ሩስያኛ የት ተማሩ?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ወደ እኔ አየ። ቀጥሎ ወደ እናቱ። «አልተማርኩም» አለ።

ለክፍሌ ልጆች አሁን ምን ልላቸው ነው?

«ሕዝቡ ሲያፏጭ ጨነቀኝ» አለ አባቴ፣ መሬት መሬት እያየ። «ፊታቸውን እያየሁ የመሰለኝን ነው የምናገረው። ብዙ ተሳሳትኩ?»

ኢንጂነሩ ሻዩን አስቀመጠና መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ጋሼ፣ የሰዎቹን ቁጥር አግኝተውታል። ሰባት ናቸው። ሌላው ሁሉ የእርስዎ ነው። አሮጊቷ እናቱ አይደለችም፤ ፕሮፌሰር ናት። ነዳጅ አባከንክ ብላ ነበር የምትቆጣው።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። አያቴ ግን አልሳቀችም፤ አባቴን ትኩር ብላ አየችው።

«ዋሸህ?»

«እማዬ፣ ተረት ነው ያወራሁት።»

አሰበችበት። «ተረት ከሆነ ደህና» አለች፤ ወደ ኢንጂነሩም ዞረች። «አንተስ ልጄ፣ ውሸት መሆኑን እያወቅህ ለዚያ ሰውዬ ትክክል ነው ያልከው ለምንድን ነው?»

ኢንጂነሩ መነጽሩን አወለቀ። «አምስት ዓመት እዚያ ስኖር እናቴ በየደብዳቤው ብርድ አለ ወይ እያለች ትጽፍልኝ ነበር» አለ። «ጋሼ ያን ሲሉ ፊልሙን ረሳሁት።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ብቻውን አልተረጎመም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንጂነሩ ከማሽኑ አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጥና ትክክለኛውን በጆሮው ይነግረዋል፤ አባቴ በራሱ አነጋገር ያወራዋል። መጀመሪያ ላይ አልሆነላቸውም፤ ሕዝቡ «ምነው ዛሬ ደረቀ?» አለ። እየዋለ እያደረ ግን ተላመዱ። ኢንጂነሩም ለአባቴ ሲል ፊልሞቹን የሚልከው ማከራያ ቢሮ ድረስ እየሄደ ከትራክተሩ መሃል የሚያስፈራ ነገር ይፈልግለት ጀመር።

ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ አገኘ፤ አሮጌ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጭረት የበዛበት። ወንዝ ዳር ያለ ወፍጮ ቤት ነው። ባለ ወፍጮው ከሞተ ቆይቷል፤ ሲመሽ ግን ድምፁ ከውሃው ውስጥ ይመጣና ሰው በስሙ ይጠራል። የመለሰለት ሰው ጠዋት አይገኝም። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይተርካል፤ ማጉያው ይንሾካሾካል። የሟቹ ልጅ፣ ሻማ ይዛ፣ በር ላይ ቆማለች። ድምፁ አንዴ ጠራት። ዞር አለች።

አያቴ ከተቀመጠችበት ተንቀሳቀሰች። በአገሯ በጨለማ የሚጠራ ድምፅ ሦስት ጊዜ ካልደገመ አይመለስለትም፤ እኔንም ያን ክረምት ስታስጠነቅቀኝ ነው የከረመችው። ድምፁ ሁለተኛ ጠራ። ልጅቷ አፏን ከፈተች።

«አትመልሺ!» ብላ ጮኸች አያቴ።

አዳራሹ ሁሉ ይህን ነገር ያውቅ ኖሯል። የሰላሌው፣ የጎጃሙ፣ የወላይታው፣ የጉራጌው ሠራተኛ፣ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸው፣ ሁሉም አንድ ላይ «አትመልሺ!» አሉ። እኔም ጮህኩ። ካድሬው ሲጮህ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ አፏን ቀስ ብላ ገጠመች፤ ሻማዋን እፍ አለች። አባቴ በማጉያው «ሰማቻችሁ» አለ። ማን እንደሠራው፣ የት አገር እንደተሠራ የማላውቀው ፊልም የአያቴን ምክር እንዴት አወቀ? ኢንጂነሩን ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅሁት፤ «እኔም አልገባኝም» አለኝ።

አያቴ ከክረምቱ በኋላ ቡልጋ ተመለሰች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው አረፈች። ኢንጂነሩ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። በመጨረሻዎቹ የደርግ ዓመታት አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ማሽኑን ሸራ አልብሰው አንድ ጥግ አቆሙት። አባቴ እስከ ጡረታው ድረስ በየጊዜው እየሄደ አቧራውን ይጠርግለት ነበር።

አሁን ሰማንያን አልፏል። ዕይታው ትንሽ ደክሟል፤ ጆሮው ደህና ነው። የእኔ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ እሁድ ኮምፒውተሯን ይዛ ትመጣና ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። ባለፈው እሁድ አሮጌ የሰማይ ጉዞ ፊልም አገኘችለት።

«አባባ፣ መንኮራኩሯን የያዘው ክር ይታያል እኮ!» ብላ ሳቀች።

«አይቼዋለሁ» አላት። «ዝም ብለሽ እዪ።»

ምሳ ደርሷል ልላቸው ስገባ እግሮቿን ሶፋው ላይ ሰብስባ፣ ትራስ አቅፋ፣ ዓይኗ ፈጥጦ ነበር። አባቴ አፉ በትንሹ ተከፍቷል። እጄን በፎጣው እያደረቅሁ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከቆምኩበትም ሳልነቃነቅ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየሁት።