በእጄ የተጻፈ ዕድሜ

ንዴቴ እስከዛሬ አልበረደልኝም። የምቆጣባቸውን ስቆጥር መጀመሪያ የምጠራው ግን ራሴን ነው።

በዘጠናዎቹ፣ ከአምደወርቅ ወጣ ባለች ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። እህቴ ባሏ ሞቶባት፣ እሷም ወገቧን ታማ ተኝታ ነበር። ያኔ የእርዳታ እህል የሚሰፈረው እርከን ለሠራ ነው፤ እርከን የሚሠራው ደግሞ አስራ ስምንት ዓመት የሞላው ነው። ከዚያ ቤት ድንጋይ ማንሳት የምትችለው የእህቴ ልጅ ብቻ ነበረች፤ ዕድሜዋ አስራ አንድ። መዝገቡ ላይ አስራ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። በእኛ ዘንድ ይህ ውሸት አይባልም፤ ለድሃ ዕድሜ መጨመር እንደ ምጽዋት ይቆጠር ነበር። የሥራው ተቆጣጣሪም አይቷት አሳለፋት። ድንጋዩን ተሸከመች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዝናቡ ቀረ። የጎረቤት ልጆች ወደ ዓረብ አገር ሲነሱ እሷም ልሂድ አለች። እህቴ መታወቂያ እንዳወጣላት እያለቀሰች ለመነችኝ። መዝገቡ ሃያ ሞልቷታል ይላል፤ እኔም ሃያ ብዬ ጻፍኩ። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝና ጽሕፈቴን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ ጉልበቴን ስማ ሄደች።

ወር ሳይሞላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መልእክት አመጣልን። ጅቡቲ ድንበር ላይ ተይዛለች፣ ደላላውም ጥሏት ጠፍቷል። ልጅ መሆኗን የሚያስረዳ ወረቀት ቶሎ ካልደረሰ ከአዋቂዎቹ ጋር ትባረራለች።

ክርስትና እናቷን ይዤ ወደ ሊቀመንበሩ ሮጥኩ። አሮጊቷ፣ ልጅቷ በየትኛው በዓል ማግስት እንደተወለደች፣ በሰማንያ ቀኗ እንዴት አቅፈው እንዳስጠመቋት አንድ በአንድ ተናገሩ። ሊቀመንበሩ አዳምጦ ሲጨርስ፣ «ማኅተማችን ሁለት ምላስ የለውም» አለኝ። ሃያ ያለው ማኅተም አስራ ሦስት ቢል እሱም እኔም እንታሰራለን። ፈራሁ። አሮጊቷን ደግፌ ወጣሁና ዳግመኛ አልጠየቅኩትም።

አባረሯት። ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር እንደ አሞሌ ጨው ጭነው ከድንበሩ ወዲህ ምድረ በዳ ላይ አራገፏቸው። በእግሯና በልመና ተጉዛ ቤቷ ስትደርስ እናቷ እንኳ ወዲያው አላወቀቻትም። ሲያባርሯት ማን ይቀበልሻል ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ከዓመት በኋላ ሰቆጣ ላይ ለሥልጠና ተጠራን። አሰልጣኙ ለስላሳውን እየተጎነጨ ስለ ልጆች መብት የወጣ ደንብ ያነብልናል፦ ብቻውን ድንበር ላይ የተገኘ ልጅ በሚገባው ቋንቋ ሳይጠየቅ፣ ጠባቂ ሳይመደብለት፣ የሚቀበለው ሳይታወቅ አይባረርም። ደሜ ፈላ። ቋንቋችንን ኽምጣኛን የሚተረጉም ይቅርና እዚያ ዓይን ያለው ሰው ጠፋ? ቁመቷ ከወታደሮቹ ደረት አያልፍም፤ ሃያ ዓመት የሚባለው የትኛው አካሏ ነው? ጎኔ የተቀመጠው የሌላ ቀበሌ ጸሐፊ አበል መቼ እንደሚከፈል ጠየቀ። እሱንም ልመታው ነበር።

በማግስቱ ቀጥታ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ደጃፍ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ዓመት ሙሉ ለመጠየቅ የፈራሁትን ጠየቅኳት፤ ድንበር ላይ ዕድሜሽን ሲጠይቁሽ ምን አልሽ አልኳት።

«አስራ ሦስት ነው አልኳቸው» አለች፣ ቀና ሳትል። «አንዱ በሰባራ አማርኛ፣ ‹ታዲያ ይህን የጻፈው ሰው ዋሽቷል?› አለኝ።»

«አንቺስ?»

አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ጽሕፈት ነው። እሳቸው አይዋሹም አልኩት።»