መኩሪያና ሁለቱ ትርፍ ቀዳዳዎች

መኩሪያ የሚያጠብቀው ነገር ካላገኘ የዋለ አይመስለውም። ላፍቶ ታክሲ መቆሚያው አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ሱቁ ውስጥ የበሩ ማጠፊያ፣ የወንበሩ እግር፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተሰኩት ገመዶች ብሎን ሁሉ በየጠዋቱ በካቻቢቴ ይፈተሻል። ከዚያ በኋላ ነው «በስመ አብ» ብሎ ኮምፒውተሩን የሚያበራው። ሚስቱ ውዳሴ፣ አንድ ቀን እኔንም ታጠብቀኛለህ እያለች ትስቅበታለች።

ይህ ጠባይ ዝም ብሎ አልመጣበትም። ከወጣትነቱ ጀምሮ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፕ ሲመታ ኖሮ፣ ኮምፒውተር ሲገባ ከታይፕ መኪናው ጋር አብሮ ወጣ። ፀጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ ልጆቹ ከሚሆኑ ወጣቶች ጎን ተቀምጦ ኮምፒውተር ተማረና ሱቋን ከፈተ። አሁን ደግሞ ሌላ አዲስ ነገር መጥቶ ዳግመኛ እንዳያስወጣው ይፈራል። ፍርሃቱን ለውዳሴ ነግሯት አያውቅም፤ እሷ ግን ታውቃለች።

በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በአዲስ ሲለውጥ ገመዶቹ ሁሉ በየቦታቸው ገቡ። የፕሪንተሩም ሰፊ መሰኪያ በሁለት ብሎኖቹ ጥርቅም ብሎ ታሰረ። ሁለት ጠፍጣፋ ቀዳዳዎች ብቻ ባዶ ቀሩ። ለብሎን የሚሆን ቦታ የላቸውም፤ የሚገባባቸው ገመድም በሱቁ ውስጥ የለም። መኩሪያ ጎንበስ ብሎ አያቸውና ፋብሪካው ያተረፋቸው ናቸው ብሎ ፈረደ። የላፍቶ አቧራ ደግሞ ክፍት ነገር አይምርም። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በኪሱ የቀረችውን ቁራጭ ጧፍ አለሳልሶ፣ ሰሙን በአውራ ጣቱ ጠቅጥቆ ሁለቱንም ደፈናቸው። በሥራውም በጣም ረካ።

ታኅሣሥ ላይ አሮጌው ፕሪንተር ሲንገጫገጭ ቆይቶ ጸጥ አለ። ለመሞት የመረጠው ጊዜ ክፉ ነበር። የአቶ ዳባ ልጅ ኦብሴ በጥር ልትዳር ነው፤ የጥሪ ካርዱን የሚያትመውም መኩሪያ ነው። አቶ ዳባ የላፍቶ ነባር ገበሬ ናቸው፤ ጤፍ ከሚዘሩበት መሬት ላይ ግማሹ ቤት ቢበቅልበትም ዘመዶቻቸው እስከ ፉሪና ሰበታ ተበትነዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ካርዱን ይዘው በየቤቱ ሊዞሩ ነው። ካርድ በእጁ ያልደረሰው ዘመድ ደግሞ ከሠርጉ መቅረት ብቻ ሳይሆን ይቀየማል። መኩሪያም ይህን ካርድ ካላደረሰ ደንበኛው ሁሉ ሳሪስ ወደተከፈተው አዲስ ጽሕፈት ቤት እንደሚሄድበት አልጠፋውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከተማ ወጥቶ አዲስ ፕሪንተር ተሸክሞ ተመለሰ። ሻጩ የመጨረሻው ዘመናዊ ነው ብሎታል። ካርቶኑን ሲከፍት የገመዱ አንድ ጫፍ ከፕሪንተሩ ጋር ገጠመ። ሌላው ጫፍ ግን ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው፤ ሰፊው መሰኪያ ጋ ቢያስጠጋው ጨርሶ አይገጥምም። ገመዱን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የፈራው ነገር በካርቶን ታሽጎ በገዛ እጁ ቤቱ ገብቷል።

አቶ ዳባ ካርዱን ሊወስዱ ሲመጡ በዚሁ ሁኔታ አገኙት።

«ኦቦ ዳባ፣ ሳሪስ ይውሰዱት። እኔ አልቻልኩም» አላቸው፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው።

«ሳሪስ ማን ኦብሴን ያውቃታል? እጠብቃለሁ» ብለው በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

ውዳሴ በካርዱ ሥራ ልታግዘው ሱቁ መጥታ ነበር። ገመዱን አንስታ ጫፉን አገላብጣ አየችው፣ ከኮምፒውተሩም ጀርባ አጎነበሰች።

«መኩሪያ፣ ይሄ ያንተ ሰም ያለበት ቦታ አይደለም እንዴ?»

መኩሪያ አንገቱን ደፋ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከግድግዳው ነቀለው፣ ውዳሴም በዳንቴል መሥሪያ ኪሮሿ ሰሙን ቀስ እያለች ቆፍራ አወጣችው። አቶ ዳባ ነገሩ ሲገባቸው፣ ፋብሪካውን ያረመ ሰው ላፍቶ ውስጥ መኖሩን እስከ ዛሬ አለማወቃቸው እንደቆጫቸው ተናግረው እስኪያስላቸው ሳቁ። መሰኪያው መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ሲገለብጡት ግን ስልት ብሎ ገባ። ኮምፒውተሩን አብርተው ከፕሪንተሩ ጋር የመጣውን ሲዲ ከተቱ፣ ኮምፒውተሩም ጥቂት አንገራግሮ እንግዳውን ተቀበለ።

መኩሪያ ካቻቢቴውን ይዞ ብሎን ፈለገ፤ የለም። ብሎን የሌለው ነገር በምን ይያዛል? ስለዚህ ከጠረጴዛው ኋላ ተንበርክኮ መሰኪያውን በእጁ ደግፎ ያዘ። ውዳሴ ኮምፒውተሩን እንዲያትም አዘዘችው፣ ፕሪንተሩ ተንፈስ አለና የመጀመሪያው ካርድ የኦብሴን ስም ይዞ ወጣ። ሁለተኛው ተከተለ። ክንዱ ቢደነዝዝም አልለቀቀም፤ ከለቀቀ ሁሉም ነገር አብሮት የሚወድቅ መስሎታል።

አቶ ዳባ ካርዱን አስጠግተው አርቀው አዩት። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞረው መጡና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉለት።

«የልጄን ስም አሳየኸኝ። እግዜር ይስጥልኝ» አሉት።

የታላቅ ሰው እጅ በአንድ እጅ አይጨበጥም። መኩሪያ ሳያስበው ብድግ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። መሰኪያውን መልቀቁን ያስታወሰው ከዚያ በኋላ ነው። ደነገጠ፤ ዞር ብሎም አየ። መሰኪያው እንደተሰካ ነው። ፕሪንተሩም ሌላ ካርድ ሳበ። ይህኛው አዲስ ነገር እንዳላስወጣው ሲገባው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የአቶ ዳባን እጅ ለመልቀቅም አልቸኮለም።