አንተነህን ያረምሁበት ቀን

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ጊታር ባነሣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ምናልባት ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

አንተነህ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለች አንዲት መዝናኛ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን ጊታር እንጫወት ነበር። ሁለታችንም የብሉዝ ፍቅር ነበረብን። ሰዎች ብሉዝ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት አንተነህ እየሳቀ፣ «የፈረንጅ እንጉርጉሮ ነዋ!» ይላቸዋል።

በጣት ፍጥነት የሚደርስብኝ አልነበረም። ጉራ አይደለም፤ በቀን አምስት ሰዓት እለማመድ ነበር። አንተነህ ልምምድ የሚባል ነገር አይወድም። አንዷን ክር ገፋ ያደርግና ዝም ይላል። ቀጣዩን የሚመታው ምቱ ካለፈው በኋላ ነው። እኔ እበግናለሁ፤ ሰው ግን ዓሣውን መብላት ትቶ የሚያዳምጠው እሱን ነው።

አንድ ቀን የራሳችንን ዜማ እኔ ቤት፣ በየራሳችን ማይክራፎን በኮምፒውተር ቀዳን። እኔ አጀብሁ፣ እሱ ዋናውን ተጫወተ። ከሄደ በኋላ ደጋግሜ ሰማሁት። እዚህ ላይ ዘግይቷል፣ እዚያ ላይ ክሩ ነዝሯል። በመጨረሻ የእሱን ጊታር ከቅጂው አጠፋሁና ራሴ አንድም ስሕተት ሳይኖርበት ተጫውቼ ተካሁት። ሳሰማው፣ «ንጹሕ ነው፤ እጅህ ይባረክ» አለኝ። ያንተን ሌላ ጊዜ እንደገና እንቀዳለን አልሁት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አተኮሰው። «ወባ ናት፣ ታልፋለች» ብሎ ቀለል አደረጋት። አላለፈችም። አንተነህን ቀበርነው።

ከአርባው በኋላ እናቱ እትዬ ዘነቡ ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤታቸው አስጠሩኝ። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

«ልጄ፣ ከጓደኛዬ ጋር ቀድተናል ብሎኝ ነበር። እስኪ የእጁን አሰማኝ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ወኔ አጣሁ። ማን ይለየዋል ብዬ ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው አዳመጡ። ገና ሲጀምር ፊታቸው በራ። ዜማው ሲቀጥል ግን እየጨለመ ሄደ። ግማሽ ሳይደርስ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይኸ የኔ ልጅ አይደለም።»

«እትዬ…»

«የኔ ልጅ መትቶ ዝም ይላል። እኔም ጓዳ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ይኸ ማንንም አይጠብቅም።»

እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኋቸው። አጥፍቼዋለሁ፣ ከየትም አይመለስም አልኋቸው። ማስተካከል እያልሁ የጠራሁት ነገር ቅናት እንደ ነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ተነሥ ልጄ» አሉኝ እያለቀሱ። «እስኪ ወደ መጀመሪያው መልስልኝ።»

መለስሁት። ለካ ጊታሩ ሳይጀምር አንተነህ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «እሺ፣ ልጀምር?» ይላል። የእሱን ጊታር ሳጠፋ ይህች ድምፁ በእኔ ማይክራፎን ገብታ ቀርታ ኖሯል። መቁረጥ ረስቻት ነው። ፊታቸው የበራው ለእሷ ነበር። ስልካቸው ላይ ጫንሁላቸው።

ዛሬም ያው መዝናኛ እጫወታለሁ። ፍጥነቴን ሲያደንቁልኝ ግን አንገቴን እደፋለሁ። እሑድ እሑድ ከሥራ በፊት እትዬ ዘነቡን ሳልጠይቅ አልቀርም። አጠገባቸው ስቀመጥ ስልካቸውን ይከፍታሉ።

«እሺ፣ ልጀምር?» ይላል አንተነህ።

«ጀምር ልጄ» ይሉታል።

ከዚያ የእኔ ጊታር ሳይገባ ቶሎ ብለው ያጠፉታል።