መስታወቱ ላይ የቀረው አስተናግር

ሌሊሴ አየር ጤና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። ሱቁን ስትዘጋ አሮጌውን ስካነር ቤቷ ወሰደችው። ክዳኑን ነቅላ መስታወቱ ላይ አበባና ቅጠል ታስተኛለች፤ በላዩ ጥቁር ጨርቅ ትጋርዳለች። መብራቱ ከሥር ቀስ ብሎ ሲያልፍ የቅጠሉ ጅማትና የአበባው ብናኝ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣል። ምስሎቹን አሳትማ ለካፌዎች ትሸጣለች።

ባሏ ባምላኩ ከጦር ኃይሎች አየር ጤና ታክሲ ይነዳል። «ቤቱን ጫካ አደረግሽው እኮ» ይላታል እየሳቀ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሌሊሴ ከወንዝ ዳር አስተናግር ቆርጣ መጣች። ነጩን አበባ፣ እሾሃሙን ፍሬም ሰንጥቃ ከነዘሩ መስታወቱ ላይ አስተኛችው። መርዝ መሆኑን ታውቃለች። ምስሉን እንዳነሳች ዝናብ ጀመረና፣ የአራት ዓመቷ ልጇ ኢሊሊ ጎረቤት ናት ብላ፣ ሁሉን እንዳለ ትታ የተሰጣ ልብስ ልታስገባ ሮጠች።

ስትመለስ ኢሊሊ ወለሉ ላይ ትጫወት ነበር። ሌሊሴ ምንም አልጠረጠረችም።

ምሳ ሰዓት ላይ የልጅቷ ጉንጭ ፍም መሰለ። ውሃ፣ አሁንም ውሃ አለች። ከዚያ ባዶውን አየር ትቧጥጥ ጀመር።

«እማዬ፣ ድመቷን አውርጂያት!»

ድመት የለም። ሌሊሴ የልጅቷን ዓይን ስታይ ጥቁሩ ክብ ተለጥጦ ቡኒው ጠፍቷል። ወደ ስካነሩ ሮጠች። ከተሰነጠቀው ፍሬ ጥቂት ዘር ጎድሏል።

ባምላኩ ስልክ ሲደርሰው ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አራግፎ መጥቶ ሆስፒታል አደረሳቸው። ድንገተኛ ክፍል ሐኪሟ የልጅቷን ግንባር ዳሰሰች።

«ትኩሳቱ መቼ ጀመራት?»

«ዶክተር፣ ዘር በልታለች። የአስተናግር ዘር!»

ሐኪሟ ስሙን አላወቀችውም። ሌሊሴ ከስካነሩ ወደ ስልኳ የላከችውን ምስል ከፈተች። ሐኪሟ ምስሉን አጉልታ እንዳየች «ዳቱራ ነው!» ብላ ነርሷን ጠራች። ሌሊሴ የተረፈውን ፍሬ በፌስታል ይዛ ነበር፤ ሐኪሟ ከምስሉ ጎን ይዛ አስተያየችው።

«ብዙ አልጎደለም። ግን ልጅ ናት። ከዓይናችን አትጠፋም።»

ኮሪደሩ ላይ ባምላኩ ሚስቱን ቀና ብሎ አላያትም።

«ያንን ማሽን ዛሬውኑ እጥለዋለሁ።»

«ጣለው» አለች። ከልቧ ነበር።

ኢሊሊ ከሰዓቱን ሁሉ የማይታይ ነገር ስታሳድድ ዋለች። ሌሊሴ ልጅቷ ፊቷን እንዳትቧጭር ሁለቱን እጆቿን ይዛ ተቀመጠች፤ ስሟን ብትጠራትም አላወቀቻትም። ጠዋት ላይ ግን ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «እማዬ፣ ራበኝ» ስትል፣ ባምላኩ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

ስካነሩን አልጣለውም። በር ላልነበራት ትንሽ ዕቃ ቤት በር ሠርቶ፣ ቁልፍ ገጥሞ ውስጥ አስቀመጠው። ሌሊሴ እስከ ጥር ድረስ ወደዚያ በር አልቀረበችም።

«እስከ መቼ ነው?» አላት አንድ ቀን ቁልፉን እያቀበላት። «ልጅቷ ደህና ናት። አንቺም ደህና ሁኚ።»

ከጓሮ ያበበ ድንብላል ቆርጣ ገባች። ልጅቷ ተከትላት እንዳይሆን ዞራ ስታይ ጨርቁን ስለሳበችው የመጀመሪያው ምስል ደበዘዘ። ሁለተኛው ጥሩ ወጣ።