ስልካችን ያልደረሳት ልብስ ሰፊ

ከንጋቱ 11:30፣ ድሬዳዋ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስት ጊዜ ተሳፈርኩ።

«አቦ ተረጋጊ! ሐረር የትም አትሄድ» አለኝ ሹፌሩ።

እንዴት ልረጋጋ? ስለ ኤችአይቪ መከላከል በስልክ የማማክር ነርስ ነኝ። መንገድ ለራቀውም፣ ክሊኒክ መግባት ለሚያፍረውም እኩል እንደርሳለን እንላለን። ባለፈው ሳምንት ፈቲያ የምትባል ሴት ከሐረር ደወለች። «እህቴ መስማትም መናገርም አትችልም። እሷንስ እንዴት ልታማክሯት ነው?» ኃላፊዬን ብጠይቀው «በጽሑፍ መልእክት አንሠራም፤ እህቷ ታስተርጉምላት» አለኝ። በእረፍት ቀኔ ተነሣሁ።

ጠዋት 1:15፣ መንገድ ላይ

የደንገጎ ጠመዝማዛ፣ ብርድ፣ ጭጋግ። ከዚያ አወዳይ፤ ጫት የተሸከሙ ሴቶች፣ ጥሩምባ፣ ግፊያ። ለልጅቷ የምነግራትን በልቤ እለማመዳለሁ፤ እንደማትሰማኝ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አቋርጣለሁ።

ጠዋት 2:30፣ ሐረር

ፈቲያ ሸዋ በር ቆማ ጠበቀችኝ። የፈረስ መጋላን አደባባይ አቋርጠን ልብስ ሰፊዎቹ ወደተደረደሩበት ሰፈር ወረድን። እህቷ መኪያ (ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ ታሪኩን ግን ጻፊው ብላኛለች) ከሱቋ ውስጥ ብርቱካናማ ሻሽ ትዘመዝማለች። ፈቲያ በእጇ ልታስተረጉም ስትጀምር መኪያ ደብተር አውጥታ ጻፈች፦ «እህቴ ትውጣ።»

«ወላሂ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እኔ አይደለሁ አፏ?» አለች ፈቲያ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ግን ወጣች።

ከዚያ መኪያ ያለማቋረጥ ጻፈች። እጮኛዋ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከኒካው በፊት ሁለቱም እንዲመረመሩ ትፈልጋለች። ይህን ደግሞ በእህቷ እጅ መናገር አትፈልግም።

«እምቢ ካለኝስ?» ብላ ደብተሩን ገፋችልኝ።

በስልክ ቢሆን «አብሽሪ» ብዬ ጊዜ እገዛ ነበር። ወረቀቱ ላይ ቃሉ ባዶ ሆነብኝ፤ ሰረዝኩት። እስኪመረመር መጠበቅ መብቷ እንደሆነ፣ ኮንዶምም እንዳለ፣ ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስዱ ጥንዶች ተጠንቅቀው አብረው እንደሚኖሩ ጻፍኩላት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። የልብስ መኪናዋን ሸፍና ተነሣች።

ረፋድ 4:20፣ ጤና ጣቢያ

«ምን ፈልጋ ነው?» አለኝ ነርሱ፣ እኔን እያየ።

«እሷን ይጠይቋት። ማንበብ ትችላለች።»

ደነገጠ፤ ቀጥሎ እስክሪብቶ አነሣ። ውጤቱ እስኪደርስ በኮሪደሩ እመላለሳለሁ፤ መኪያ ተቀምጣ ጣቷ ላይ የተጣበቀ ክር ትለቅማለች።

መኪያ ውጤቷን ሰምታ ከክፍሉ ስትወጣ፣ ተከትላን መጥታ ደጅ የቆየችው ፈቲያ ወደ እኔ ሮጠች። «ምን ተባለች?»

«እሷ ናት የምትነግርሽ።»

ውጤቱን እዚህም አልጽፈውም፤ የመኪያ ነው። በሩ ላይ እንደቆመች፣ እሱም እንዲመረመር ለእጮኛዋ መልእክት ላከች። ከሰዓት በኋላ እስክሳፈር ድረስ አልመለሰላትም።

ምሽት 12:40፣ ድሬዳዋ

ከሚኒባሱ ልወርድ ስል ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሬን ትቼላት የመጣሁት መኪያ ጽፋለች። «ሲመለስ አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን አለ። መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር። አብረውኝ የተማሩ ሁለት መስማት የተሳናቸው ጓደኞቼም የሚጠይቁት አላቸው። የት ይጻፉ?»

ጽሑፍ የሚቀበል የሥራ ቁጥር የለንም። ተሳፋሪው እየገፋኝ ሲወርድ ቆሜ መለስኩላት፦ «ለጊዜው በዚሁ በራሴ ቁጥር ይጻፉልኝ።» ከዚያ ወደ ቤቴ መሄዴን ትቼ የኃላፊዬን በር ለማንኳኳት ባጃጅ ጠራሁ።