በልዋጭ የሄደችው ፊልሜ

ትናንት ከሰዓት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ስዞር ነው የዋልኩት... የገዛ ጃኬቴን ፍለጋ።

ጠዋት እናቴ አዲስ ሳፋ ይዛ ደስ ብሏት «ያንን አሮጌ ጃኬትህን ትናንት ለልዋጭ ሰጥቼ ያመጣሁት ነው» ስትለኝ ክው አልኩ።

ኪሱ ውስጥ የከረሜላ ቆርቆሮ ነበር፤ ቆርቆሮው ውስጥ የጥናቴ ፊልም። ፊልም ስላችሁ ሲኒማ አይደለም... ጥፍር የምታህል ነገር ናት። ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር የሚባል፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ላዩ ግን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን አላት። ትንሽ ከረንት ስትለቁበት ከላዩ የተነባበረውን ስስ ማግኔት ይገለብጠዋል። የማግኔቱ አቅጣጫ ወደ ላይ ከሆነ አንድ፣ ወደ ታች ከሆነ ዜሮ... በቃ ሜሞሪ ማለት ይኸው ነው።

ከጻፍኩባት አሥር ወር ሆኗታል። ያለ መብራት የጻፍኩባትን ይዛ ትቆያለች ወይ የሚለውን ልናይ ነበር። የሚለካት ማሽን እዚህ ስለሌለ፣ ጓደኛዬ በዚያው ማታ ውጭ አገር ይዟት ሊበር ነበር።

ከአንዱ ልዋጭ ወደ ሌላው፣ «ዞር በል!» በሚሉ ተሸካሚዎች እየተገፋሁ፣ እግሬ እስኪዝል ዞርኩ። በመጨረሻ ጋሽ ከድር የሚባሉ የአሮጌ ልብስ ነጋዴ ጋ ጃኬቴ ተሰቅሎ አየሁት። ኪሱ ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ኪስ ውስጥ ትንሽ ቆርቆሮ አልነበረችም?»

«ነበረች እንጂ! ልብስ ስንረከብ ኪስ እንፈትሻለን። የሰው ዕቃ ግን ባለቤቱ እስኪመጣ አስቀምጣለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ መጣህ!»

ልቤ መለስ አለ። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ጎንበስ ብለው ከመደርደሪያው ሥር አንድ ከባድ ነገር ጎተቱ... የትልቅ ስፒከር ማግኔት። ቁልፉ፣ መቆለፊያው፣ የቀበቶው ዘለበት ሁሉ ተለጥፎበታል። መሃል ላይ የኔ ቆርቆሮ።

«ብረት ብረቱን እዚህ ነው የማኖረው፤ እንዳይበታተን» አሉኝ ኮራ ብለው። «ከትናንት ጀምሮ ነቅነቅ አላለችም!»

አሥር ወር ሙሉ ማግኔት የሚባል እንዳይደርስባት ስጠብቃት የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን የሚያህል ማግኔት ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ገልብጦ የጻፍኩባትን እንዳጠፋው ለማወቅ ማሽንም አያስፈልገኝም። እሳቸው ግን ለማያውቁት ሰው ዕቃ እንዲህ ተጨንቀዋል... እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ተቀበልኳቸው። ሻይ ልጋብዝህ ቢሉኝም እቸኩላለሁ ብዬ ወጣሁ። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጋ ስደርስ ለጓደኛዬ ደውዬ «ሂድ፣ አትጠብቀኝ» አልኩትና አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ደከመኝ፣ በቃ።

ያቺን ማግኔት በከረንት ለመገልበጥ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል... ጋሽ ከድር አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም።