ከፊት የሚቆረጥ ፀጉር

ባለቤቴ ፊት ለፊት ቆሞ ማውራት አይሆንለትም። ክፋት አይደለም፣ ኩራትም አይደለም፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠም ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ቤት ቀቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ስለሚውል ይሆናል እላለሁ፤ ግድግዳ መልስ አይጠይቅማ! አግቢኝ ያለኝ እንኳ ጎን ለጎን ስንሄድ፣ መንገዱን እያየ ነው። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፤ የእሱንም ድርሻ ጨምሬ ሳወራ ኖሬያለሁ።

አንድ ቦታ ብቻ አፉ ይፈታ ነበር፤ ከልጃችን ጀርባ። ልጁ ፀጉር ካበቀለ ጀምሮ የሚቆርጠው አባቱ ነው። ወር በገባ ቁጥር እሁድ ጠዋት ጓሮ ወንበር ያወጣል፣ አሮጌ አንሶላ አንገቱ ላይ ያስርለታል፣ መቀስና ማበጠሪያ ይዞ ከኋላው ይቆማል። ከዚያ በቃ፣ ሌላ ሰው! ስለ ሥራው፣ ስለ ሟች እናቱ፣ ስለሚያስፈራው ነገር፣ ስለ እኔ ሳይቀር ያወራል። እኔ ማድ ቤት መስኮቱ ስር ሽንኩርት እየላጥኩ ጆሮዬን እጥላለሁ። ሽንኩርቱ ባያስፈልግም እልጣለሁ። አንድ ቀን «እናትህ ስትቆጣ አትፍራ፤ ዝም ያለች ቀን ነው መፍራት» ሲለው ሰምቼ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ባሌን ያወቅኩት በዚያ መስኮት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ልጁ ስልኩን ይዞ መጣ።

«እማዬ፣ የኮሪያ ቁርጥ ልቆረጥ ነው። የውበት ሳሎን ሄጄ።»

ፎቶውን አየሁት። ፀጉሩ መሃል ለመሃል ተከፍሎ ግንባሩ ላይ እንደ መጋረጃ የወረደበት ጎረምሳ ነው።

«ይሄ ልጅ መንገድ ይታየዋል?»

«አሁን ሁሉም እንደዚህ ነው የሚቆረጠው።»

«አባትህ ምን ሆነብህ? ዕድሜህን ሙሉ ሲያሳምርህ የኖረው እጅ ዛሬ ነው ያስጠላህ?»

አቀረቀረ። አንድ ነገር ይለዋል ብዬ ወደ አባቱ ዞርኩ። «ይቆረጥ» አለ፣ ጫማውን እያየ። በቃ፣ ይቆረጥ! ደሜ ፈላ።

ለነገሩ አብሬው ሄድኩ፤ ባልሄድ ያመኝ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ገና ከበሩ «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብላ አቃጠለችኝ። እማማ! ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ልጄ ክሬም ተቀባ፣ ታጠበ፣ ተጠቀለለ፣ ማድረቂያው ጆሮው ላይ ሲጮህበት ቆየ። ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትለፋም። በመጨረሻ ልጅቷ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመችና በመቀሷ ጫፍ ጫፉን ትነካካ ጀመር።

«የኮሪያ ዋናው ግንባሩ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ከፊት ቆመን ነው የምንጨርሰው።» ከዚያ ጆሮውን እጥፍ አድርጋ፣ «ይሄ ጠባሳ ምንድን ነው?» አለችው።

«ኳስ ስንጫወት ነው» አለ ልጄ፣ ቶሎ ብሎ።

ኳስ ከጆሮ ጀርባ ምን ትሠራለች ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ንዴቴ ላይ ነበርኩ። ያም ሆኖ አምሮበት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ጓሮ አልወጣም። ባለቤቴ ጭራሽ ዝም አለ። ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ድሮ ጠብታ የማይነካው ሰው የሥራ ቱታው ቀለም ተረጭቶበት ይመጣ ጀመር። «ምነው፣ ግድግዳውን ትተህ ራስህን መቀባት ጀመርክ?» ብለው ፈገግ እንኳ አይልም። ልጁን ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ደም ይለብሳል፤ ለአንድ ጭብጥ ፀጉር ብሎ የአባቱን አፍ ዘጋብኝ። ሌላ ቦታ ደፋር ነኝ። እቤቴ ውስጥ ግን ፈራሁ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር እንዳላረጅ ፈራሁ።

አንድ እሁድ አልቻልኩም። ወንበሩን ራሴ ጎትቼ አወጣሁ፣ አንሶላውን አንገቴ ላይ አሰርኩ።

«ና ቁረጠኝ» አልኩት።

«አመመሽ እንዴ?»

«የኮሪያ ቁረጠኝ። ልጅህ ብቻ ነው ወይ የሚያምርበት?»

ትንሽ አመነታና ከኋላዬ መጣ። ማበጠሪያውን ፀጉሬ ውስጥ አስገባ።

«ፀጉርሽ ሳስቷል» አለ።

«አመሰግናለሁ!»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም… ድሮ ማበጠሪያ ይሰብር ነበር።» ሳቀ። ከዚያ ስለሚቀባው ቤት አወራኝ፤ የቤቱ እመቤት ስለምትለዋውጠው ቀለም፣ ሰማያዊ ሲቀባ ለምን እናቱ ትዝ እንደምትለው። ያ ከመስኮቱ የምሰማው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ፣ ለራሴ መጣልኝ። እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ ከኋላ አይታይም።

«ጨረስኩ» አለ።

«ምኑን ጨረስከው? የኮሪያ ዋናው ግንባሩ ነው። ከፊት ነው የሚቆረጠው።»

ወሬው ተቋረጠ። ቀስ ብሎ ዞረና ፊቴ በርከክ አለ። ፀጉሬን በማበጠሪያው ግንባሬ ላይ አወረደና መቀሱን አነሳ። መቀሱ ዓይኔ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚስቅ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። አይስቅም። በግራ እጁ ቀኝ እጁን ያዘ፤ አሁንም ይንቀጠቀጣል።



«ቆይቷል» አለ፣ ሳልጠይቀው። «ብሩሽም አልይዝልህ ብሎኛል። ያን ጊዜ ልጁን ጆሮው ጀርባ ቆረጥኩት። አንሶላውን ሳታዪ ራሴ አጠብኩት። እሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የሚቀጥለው ወር ሲገባ ያንን ፎቶ ይዞ መጣ። የኮሪያ ፀጉር ወዶ መሰለሽ? ነገ ተነገ ወዲያ በዚህ እጅ ቁረጠኝ እንዳይለኝ ነው። እምቢ እንዳልለውም ነው።»

ይህን ሁሉ ያለኝ ዓይኔን እያየ ነው። እኔ ደግሞ፣ ያ የማያርፈው ምላሴ፣ አንድ ቃል አጣ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ፈራ። «ኧረ ተቆጪ፤ እሱ ይሻለኛል።»

«ነገ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን» አልኩት በመከራ። «አሁን ቁረጥ።»

«ይጣመማል።»

«ይጣመም።»

ቆረጠ። አንዱ ጎን ቅንድቤ ላይ ቀረ፣ ሌላው ወደ ላይ ሄደ። መስታወት ሳይ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ። ልጁ ከቤት ወጣና ግንባሬን አየ፣ የአባቱን እጅ አየ፣ ከዚያ እኔን። ፊቱ ላይ ደም አልቀረም።

«ኮሪያ ነው?» አለኝ በቀስታ።

«ኮሪያ ነው» አልኩት። «አባትህ ነው የሠራኝ።»

ሳብ አድርጌ አቀፍኩት፣ ያን ረጅም ፀጉሩን ገለጥኩና ከጆሮው ጀርባ፣ ጠባሳው ላይ ሳምኩት።